በእቶን ውስጥ የሚኮማተረው ብረት፦ መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ለምን ወሳኝ ሆነ?

ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ስትሠራ ጭቃውን ከምትፈልገው ስፋት አስበልጣ ትዘረጋዋለች። ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚኮማተር ከእናቷ ተምራለችና። ምን ያህል ማስበለጥ እንዳለባት የሚነግራት የተጻፈ መመሪያ የለም፤ መመሪያዋ እጇና የዓመታት ልምዷ ነው። ግምቷ ሲስት ወይም አደራረቁ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ግን ምጣዱ ይጣመማል፣ አለዚያም ይሰነጠቃል።

ከብረት ዱቄት የማሽን ክፍሎችን የሚያመርተው ዘመናዊ ኢንዱስትሪም በየዕለቱ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው የሸክላ ሠሪዋ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ሸክላ ሠሪዋ የጣት ስፋት ያህል ብትሳሳት ምጣዱ እንጀራ መጋገሩን የማይተው መሆኑ ነው። የብረቱ ክፍል ግን ከሰው ፀጉር ውፍረት ያልበለጠ ስህተት ቢገኝበት ከቦታው ላይገጥም ይችላል።

ከዱቄት ብረት የተሠሩ ዕቃዎች ሳናስተውላቸው በዙሪያችን ይገኛሉ። በመኪና ሞተርና ማርሽ ሳጥን ውስጥ ያሉ በርካታ ጥርሶች፣ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ውስጥ ያሉ ትናንሽ የነሐስ ኩሽኔታዎች፣ የቶርኖ መቁረጫ ጫፎች፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ክፍሎችና በጥርስ ላይ የሚለጠፉ የማስተካከያ ብረቶች በዚሁ ዘዴ ይመረታሉ።

እነዚህ ዕቃዎች ከእቶን ሲወጡ የሚኖራቸውን ቅርጽና መጠን አስቀድሞ መተንበይ እንዴት እንደሚቻል ማወቅ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የመለዋወጫ ግዥ ለሚፈጽሙ፣ የኢንዱስትሪ ፕሮጀክት ለሚገመግሙና የቴክኒክ ሥልጠና ለሚያቅዱ የሥራ ኃላፊዎችም ጠቃሚ ነው።

ሳይቀልጥ የሚያያዝ ብረት

በአገራችን ወርክሾፖች የተለመደው የብረት አሠራር ብረቱን አቅልጦ በሻጋታ ማፍሰስ፣ ቀጥቅጦ ማውጣት ወይም በቶርኖ ቆርጦ ማስተካከል ነው። በዱቄት ዘዴ ግን መነሻው እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ብረት ነው። ዱቄቱ በሻጋታ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተጠቅጥቆ የሚፈለገውን ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያም ወደ እቶን ይገባል።

በዚህ ደረጃ ያለው ቅርጽ በእጅ ሊነሳ የሚችል ቢሆንም ጥንካሬ የለውም፤ ቢወድቅ ይሰበራል። ጥንካሬ የሚያገኘው ሲንተሪንግ በሚባለው ሂደት ነው። ሲንተሪንግ ማለት ዱቄቱን ከመቅለጫው ሙቀት በታች በማሞቅ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው እንዲያያዙ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ንጹህ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ የብረት ዱቄት ክፍሎች በአብዛኛው ሲንተር የሚደረጉት በ1120 ዲግሪ ገደማ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዊልያም ዎላስተን በዘመኑ እቶን ሊቀልጥ ያልቻለውን ፕላቲነም በዱቄት መልክ ጨምቆና አሙቆ ወደ ጠጣር ብረት የቀየረበትን አሠራር እ.ኤ.አ በ1829 ይፋ አድርጓል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ዊልያም ኩሊጅ በ3422 ዲግሪ የሚቀልጠውን ተንግስተን ከዱቄት ተነስቶ ወደ ቀጭን ሽቦ በመለወጥ ለኤሌክትሪክ አምፖል አብቅቶታል። እ.ኤ.አ በ1920ዎቹም በጀርመን ከተንግስተን ካርባይድና ከኮባልት ዱቄት የተሠሩ መቁረጫዎች ለገበያ ቀርበዋል።

መኮማተሩ ከየት ይመጣል?

ዱቄት ምን ያህል ቢጠቀጠቅ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት አይጠፋም። በእቶን ውስጥ የሚከናወነውም በዋናነት የእነዚህ ክፍተቶች መጥበብ ነው።

ሁለት የውኃ ጠብታዎች ሲነካኩ ተስበው አንድ ይሆናሉ። ይህን የሚያደርጉት አንዱ ትልቅ ጠብታ ለአየር የሚያጋልጠው ገጽ ከሁለቱ ትናንሾች ድምር ገጽ ስለሚያንስ ነው። በብረት ቅንጣቶችም ላይ የሚሠራው ይኸው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ብረቱ ባይቀልጥም በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ አቶሞቹ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ስለሚጀምሩ፣ ሁለቱ ቅንጣቶች በተነካኩበት ነጥብ ላይ እንደ አንገት ያለ ድልድይ ይፈጠራል። አንገቱ ሲወፍር የቅንጣቶቹ ማዕከሎች ይቀራረባሉ፤ ክፍተቱ ይጠባል፤ ዕቃውም በጠቅላላው ያንሳል።

ይህን ሁኔታ በሒሳብ ቀመር ለመግለጽ ከተደረጉት ቀዳሚ ጥረቶች አንዱ የሶቪየት ኅብረቱ የፊዚክስ ሊቅ ያኮቭ ፍሬንኬል እ.ኤ.አ በ1945 ያቀረበው ነው። እ.ኤ.አ በ1949 ደግሞ ጆርጅ ኩቺንስኪ የተባለው ተመራማሪ የአንገቱ ውፍረት ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚያድግ በመለካት፣ ከዕድገቱ ፍጥነት በመነሳት አቶሞቹ በየትኛው መንገድ እንደሚጓዙ መለየት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጡት የትንበያ ዘዴዎች በእነዚህ መሠረቶች ላይ የተገነቡ ናቸው።

ሂደቱ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያው አንገቶቹ ይፈጠራሉ። በሁለተኛው ክፍተቶቹ እንደ ቦይ የተያያዙ ሆነው እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ዕቃው በብዛት የሚኮማተረውም በዚህ ጊዜ ነው። በሦስተኛው ደረጃ እፍግታው ከጠጣሩ ብረት 92 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቦዮቹ ተዘግተው ብቸኛ ጉድጓዶች ይቀራሉ። ከዚህ በኋላ ያለው መኮማተር ዘገምተኛ ነው።

ቀላሉ ስሌት

የመጀመሪያው የትንበያ ደረጃ የሚጠይቀው ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነው። አንደኛው ዕቃው ወደ እቶን ከመግባቱ በፊት ያለው እፍግታ ሲሆን ሁለተኛው ሲወጣ የሚኖረው እፍግታ ነው። የብረቱ ክብደት ብዙም ስለማይለወጥ እፍግታው በጨመረ መጠን ይዘቱ መቀነሱ የግድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ከአይዝጌ ብረት ዱቄት የሚሠራ አንድ ክፍል ወደ እቶን ሲገባ እፍግታው ከጠጣሩ ብረት 60 በመቶ፣ ሲወጣ ደግሞ 97 በመቶ ነው እንበል። 60ን ለ97 ስናካፍል 0.6186 እናገኛለን። ይህ የይዘት ምጥጥን ነው። የርዝመቱን ለማግኘት ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.6186 የሚሰጠውን ቁጥር እንፈልጋለን፤ ይህም 0.852 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ርዝመት 14.8 በመቶ ይኮማተራል ማለት ነው።

የሚፈለገው ክፍል 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ካለው ሻጋታው 58.68 ሚሊ ሜትር ሆኖ መቆረጥ አለበት። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ቀላል ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው የመነሻው እፍግታ ጥቂት ሲዛነፍ ነው። በዚያው ሻጋታ የተሞላው ዱቄት 60 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 61 በመቶ ቢሆንና የመጨረሻው እፍግታ ባይለወጥ፣ ክፍሉ ከእቶን ሲወጣ 50.28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንድ በመቶ የእፍግታ ለውጥ ከሩብ ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አመጣ ማለት ነው። ለአንድ የበር እጀታ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። በዘንግ ላይ ተጠግቶ መግጠም ላለበት ጥርስ ግን ዕቃው ከጥቅም ውጪ የሚሆንበት ልዩነት ነው።

ለጥቃቅን ዕቃዎች ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። የጥርስ ማስተካከያ ብረት ሽቦው የሚያልፍበት ጎድጎድ አለው። በስፋት ከሚሠራባቸው መጠኖች የአንዱ ጎድጎድ ስፋት 0.56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎድጎዱ ከታሰበው ሰፍቶ ከወጣ ሽቦው ይላላል፤ ሐኪሙ ጥርሱን ሊያዞር ያሰበበት ኃይልም በሚገባ አይተላለፍም። በእቶን ውስጥ የተፈጠረው ስህተት በታካሚው አፍ ውስጥ ይገለጣል ማለት ነው።

ሁሉም ብረት እኩል አይኮማተርም

የለውጡ መጠን እንደ ቁሱና እንደ አሠራሩ በእጅጉ ይለያያል። ለቁፋሮና ለብረት መቁረጫ የሚያገለግለው የተንግስተን ካርባይድና የኮባልት ቅይጥ በሲንተሪንግ ጊዜ ኮባልቱ ቀልጦ በቅንጣቶቹ መካከል ስለሚሰራጭ ክፍተቶቹን ፈጽሞ ሊዘጋ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ርዝመቱ ከ17 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ርዝመቱ በ18 በመቶ ሲቀንስ ይዘቱ በ45 በመቶ እንደሚቀንስ ስናስብ፣ ወደ እቶን የገባው ዕቃ ግማሽ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ይወጣል ለማለት ይቻላል።

ዱቄቱ ከሰምና ከፕላስቲክ ጋር ተለውሶ እንደ ፕላስቲክ ዕቃ በሻጋታ በሚወጋበት ዘዴም ከይዘቱ 40 በመቶ ያህሉ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቦታ በእቶን ውስጥ ስለሚዘጋ ዕቃው በርዝመት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይኮማተራል።

በአንጻሩ ለመኪና ክፍሎች የሚውለው የብረት ዱቄት በከፍተኛ ግፊት ስለሚጠቀጠቅ ከመጀመሪያውም እፍግታው ከፍተኛ ነው። ጠጣር ብረት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.87 ግራም ሲመዝን፣ የተጠቀጠቀው ዱቄት 7 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ሲንተር ሲደረግም የመጠን ለውጡ በአብዛኛው ከአንድ በመቶ በታች ነው። አምራቾቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ለውጡ ባነሰ ቁጥር የስህተቱ መጠንም ያንሳልና።

በዚሁ የምርት ዘርፍ የሚያስገርመው ዕቃው ከመኮማተር ይልቅ የሚያብጥበት ጊዜ መኖሩ ነው። ለጥንካሬ ሲባል በብረት ዱቄት ውስጥ መዳብ ይጨመራል። መዳብ በ1085 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በ1120 ዲግሪ እቶን ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ይገባና ይለያያቸዋል። ቀድሞ የነበረበት ቦታም ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ የዕቃው ማበጥ ነው።

በድብልቁ ውስጥ በግራፋይት መልክ የሚጨመረው ካርቦን ይህን እብጠት ይቀንሰዋል። ኒኬል ደግሞ ዕቃውን ወደ መኮማተር ያደላዋል። በመሆኑም ባለሙያዎች የመዳቡን፣ የካርቦኑንና የኒኬሉን ድርሻ በማመጣጠን ለውጡ ወደ ዜሮ የተጠጋ እንዲሆን ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ትንበያው ከስሌትነት አልፎ የቅመማ ሥራ ይሆናል።

መኮማተሩ ጨርሶ የማይፈለግበትም ሁኔታ አለ። የነሐስ ኩሽኔታዎች ዘይት የሚይዙት በክፍተቶቻቸው ውስጥ በመሆኑ ክፍተቶቹ ከተዘጉ ኩሽኔታው ጥቅም አይሰጥም። ለኤሌክትሮኒክስ ካፓሲተር የሚውለው የታንታለም ዱቄትም እንዲሁ ነው። በጉጂ ዞን በቀንጢቻ ለዓመታት ሲመረት የቆየው ማዕድን የያዘው ይህንኑ ታንታለም ሲሆን፣ ታንታለም ከማዕድኑ ተለይቶ ለካፓሲተር ሲውል በዱቄት መልክ ተጨምቆ በእቶን ሲንተር ይደረጋል። ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው በውስጣዊ ገጹ ስፋት ልክ በመሆኑ ቅንጣቶቹ እንዲያያዙ እንጂ ክፍተቶቹ እንዲጠፉ አይፈለግም።

ቅርጽ ለምን ይጣመማል?

እስካሁን ያየነው ዕቃው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይለወጣል በሚል ነው። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ለዚህም ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የአጨማመቅ አለመመጣጠን ነው። ዱቄት እንደ ውኃ ግፊትን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል አያስተላልፍም። በረጅም ሻጋታ ውስጥ ከላይና ከታች ሲጫን ከሻጋታው ግድግዳ ጋር ባለው ፍትጊያ ምክንያት ግፊቱ ወደ መሀል ሲሄድ ይዳከማል። በመሆኑም የሁለቱ ጫፎች እፍግታ ከመሀሉ ይበልጣል። በሲንተሪንግ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ የሚኮማተረው እፍግታው ያነሰው ክፍል ነው። ቀጥ ያለ ሆኖ የገባ ሲሊንደር ወገቡ ቀጥኖ የሚወጣበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመሬት ስበት ነው። ብረት ለሲንተሪንግ በሚሞቅበት ጊዜ ባይቀልጥም ይለሰልሳል። እንደ ድልድይ በሁለት ጫፍ ብቻ የተደገፈ ወይም እንደ መደርደሪያ ወደ ጎን የወጣ ክፍል በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። ጉብጠቱ የደጋፊዎቹ ርቀት በረዘመና ክፍሉ በቀጠነ መጠን ይብሳል።

ሦስተኛው ዕቃው ከተቀመጠበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ጋር ያለው ፍትጊያ ነው። ዕቃው ሲኮማተር የታችኛው ገጹ በሰሌዳው ላይ መንሸራተት አለበት። ፍትጊያው ሲይዘው የላይኛው ክፍል በነፃነት ሲያንስ የታችኛው ሰፋ ብሎ ይቀራል። ክብደቱ ከፍ ባለ ዕቃ ላይ ይህ በዓይን ጭምር ይታያል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በእቶኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ከቦታ ቦታ መለያየቱ፣ የጋዙ ንጽሕናና የማሞቂያው ፍጥነት የየራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው። በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የገቡ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች እኩል ሆነው ላይወጡ ይችላሉ።

ከግምት ወደ ስሌት

ለረጅም ጊዜ ኢንዱስትሪው ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ ሙከራና እርማት ነበር። ሻጋታ ይቆረጣል፤ ናሙና ይሠራል፤ ይለካል፤ ስህተቱ ታይቶ ሻጋታው እንደገና ይስተካከላል። ይህ አሠራር ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን የሻጋታ ብረት ጠንካራና ውድ በመሆኑ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ገንዘብና ሳምንታት ያስወጣል። ከመጠን በላይ የተቆረጠ ሻጋታ ደግሞ መልሶ አይሞላም።

ሙከራውን ለመቀነስ የሚያገለግለው የመጀመሪያው መሣሪያ ዳይላቶሜትር ይባላል። ትንሽ ናሙና በእቶን ውስጥ እየሞቀች ሳለ ርዝመቷ በየደቂቃው ምን ያህል እንደሚለወጥ ይመዘግባል። ከዚህም መኮማተሩ በስንት ዲግሪ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚፋጠንና መቼ እንደሚያበቃ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ በ1996 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሱ እና ጆንሰን፣ ከእነዚህ ልኬቶች ጥቂቶቹን ብቻ ወስዶ በአንድ ኩርባ ላይ የማጠቃለል ዘዴ አቀረቡ። ለአንድ ዓይነት ዱቄትና ለአንድ ዓይነት የመነሻ እፍግታ ኩርባው አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ፣ የእቶኑ የማሞቂያ ፕሮግራም ቢለወጥም የመጨረሻውን እፍግታ ከኩርባው ማንበብ ይቻላል። ዘዴው ቀላል በመሆኑ በፋብሪካም በምርምር ተቋማትም በሰፊው ጥቅም ላይ ውሏል።

ኩርባው የሚናገረው ግን ስለ እፍግታ እንጂ ስለ መጣመም አይደለም። ለመጣመም የሚያስፈልገው ዕቃውን በኮምፒውተር ላይ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ከፍሎ የእያንዳንዱን ለውጥ ማስላት ነው። የዚህ ስሌት መሠረት እ.ኤ.አ በ1972 በዩክሬናዊው ቫለሪ ስኮሮሆድ የተጣለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1998 በዩጂን ኦሌቭስኪ ተጠናክሮ ቀርቧል።

በዚህ አቀራረብ እየሞቀ ያለው ዱቄት በጣም እንደ ወፈረ ፈሳሽ ይታሰባል። በአንድ በኩል ክፍተቶቹን ለመዝጋት ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይል አለ። በሌላ በኩል ቁሱ ለመፍሰስ የሚያሳየው እንቢታ አለ። መኮማተሩ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው የሁለቱ ሚዛን ነው። የመሬት ስበትና የሰሌዳው ፍትጊያ በዚህ ላይ ሲጨመሩ ኮምፒውተሩ ዕቃው የት እንደሚጎብጥና የት እንደሚሰፋ ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ስሌቱን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዕቃው ወደ ታች እንደሚጎብጥ ከታወቀ ሲሠራ ወደ ላይ አጎብጦ መሥራት፣ ታችኛው ክፍል እንደሚሰፋ ከታወቀ አስቀድሞ ማጥበብ ይቻላል። ሆን ተብሎ የተጣመመው ዕቃ በእቶን ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዱቄትን በማጣበቂያ እየደራረቡ ያለ ሻጋታ የሚያትሙ ማሽኖች ሲስፋፉ ይህ አሠራር ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። በሕትመት ዘዴ የመነሻ እፍግታው ዝቅተኛ በመሆኑ መኮማተሩ ከፍተኛ ነውና። ለአብነትም ዴስክቶፕ ሜታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ በ2020 አስተዋውቋል።

የሶፍትዌሩ ወሰን

ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ውጤት ከገባለት መረጃ የተሻለ ሊሆን አይችልም። ስሌቱ ዱቄቱ ምን ያህል እንደላመ፣ የቅንጣቶቹ መጠን እንዴት እንደተሰባጠረ፣ በየቦታው ያለው እፍግታ ስንት እንደሆነና እቶኑ በእርግጥ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋል። ከአንድ አቅራቢ በሁለት ጊዜ የመጣ ዱቄት እንኳ ፍጹም አንድ ዓይነት አይደለም።

በዚህም የተነሳ ጥንቁቅ አምራቾች አዲስ ዱቄት በገባ ቁጥር ናሙና ሠርተው ይለካሉ፤ ልኬቱን መዝግበው ከቀደመው ጋር ያነጻጽራሉ፤ የስሌታቸውንም ቁጥሮች ያስተካክላሉ። ከሁሉ ጥንቃቄ በኋላ የቀረውን ትንሽ ልዩነት ደግሞ ዕቃውን በማስተካከያ ሻጋታ ውስጥ እንደገና በመጫን ወይም አስፈላጊውን ገጽ ብቻ በማሽን በመቁረጥ ያርማሉ። ሆኖም የዱቄት ዘዴ ዋና ጥቅሙ የመቁረጥ ሥራንና የብረት ብክነትን ማስቀረቱ በመሆኑ፣ እርማቱ በበዛ ቁጥር የዘዴው አትራፊነት እየቀነሰ ይሄዳል።

ለሥራ ኃላፊዎች ምን ማለት ነው?

ከላይ ከተመለከተው የምንረዳው አንድ ዋና ቁም ነገር አለ። በዱቄት ብረት ሥራ የአንድ ፋብሪካ አቅም የሚለካው ባለው እቶን ወይም መጫኛ ማሽን ብቻ አይደለም። እቶን በገንዘብ ይገዛል። ከእቶኑ የሚወጣውን መጠን አስቀድሞ የማወቅ ችሎታ ግን የሚገነባው ተለክቶ በተመዘገበ መረጃና በሠለጠነ የሰው ኃይል ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ወይም የአቅርቦት ጨረታ የሚገመግም ኮሚቴ ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ይጠቀማል። አምራቹ የዱቄቱን ባሕርይ በራሱ ላቦራቶሪ ይለካል ወይስ የአቅራቢውን ወረቀት ብቻ ያምናል? የዕቃውን እፍግታ ከእቶን በፊትና በኋላ ይመዘግባል? በእቶኑ ውስጥ ያለውን የሙቀት ልዩነት በየጊዜው ያረጋግጣል? በሥዕሉ ላይ የተቀመጠውን የተፈቀደ ልዩነት በአንድ ናሙና ሳይሆን በተከታታይ ምርት ላይ ማሳየት ይችላል?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ትኩረት ይሻል። በጥንቃቄ ተመርጦ የቀረበ አንድ ናሙና ልኩን ጠብቆ ሊገኝ ይችላል። የፋብሪካው ትክክለኛ ማንነት የሚታወቀው ግን በተለያየ ቀን፣ ከተለያየ የዱቄት ከረጢትና ከተለያየ የእቶን ቦታ የወጡ ክፍሎች ሲለኩ ነው።

የሥልጠና ዕቅድ ለሚያወጡም እንዲሁ ነው። ማሽን ማንቀሳቀስ የሚችል ባለሙያ ማፍራት አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። በማይክሮ ሜትር የሚለካ፣ የለካውን በሥርዓት የሚመዘግብ፣ ከመዝገቡ ተነስቶ የሚያሰላ ቴክኒሻንም ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ውድ እቶን አይጠይቅም፤ ሚዛን፣ ማይክሮ ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። ዱቄት ብረትን ቀርቶ ማንኛውንም የብረት ሥራ የሚጠቅም መሠረትም ነው።

ሸክላ ሠሪዋ ይህን ዕውቀት በእጇ ይዛዋለች። ከእጇ ሳይወጣ ግን ለልጇ ካልሆነ ለሌላ ማስተላለፍ አስቸጋሪ ነው። ዘመናዊው ኢንዱስትሪ ያደረገው የእጅን ግምት በቁጥር መመዝገብ ነው። በቁጥር የተመዘገበ ደግሞ ሊታረም፣ ሊወረስና ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላው ሊሸጋገር ይችላል። እቶን ለመግዛት የተዘጋጀ ማንኛውም ተቋም ከእቶኑ ጎን የልኬት መዝገቡን አብሮ ማቀድ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።